ስዊድን ፍሪጅ በር ላይ ናት

የስዊድን ሰው ቤት ገብታችሁ ፍሪጅ የመክፈት ዕድል ከገጠማችሁ፣ መደርደሪያውን ተዉትና በሩን እዩ። መደርደሪያው ላይ ያለው ወተት፣ አይብ፣ ካሮትና ከትናንት የተረፈ ድንች ነው። በሩ ላይ ግን ሰልፍ አለ። ካቻፕ። ሁለት ሦስት ዓይነት ሰናፍጭ። ማዮኔዝ። የቀይ ፍሬ ማርማላታ። በኮምጣጤና በስኳር የተዘፈዘፈ ኪያር። እንደ ጥርስ ሳሙና እየተጨመቀ የሚወጣ አይብ። ከሁሉም ፊት ደግሞ የአንድ ፈገግ ያለ ልጅ ፊት የታተመበት ሰማያዊ ቱቦ።

እዚህ አገር መኖር ከጀመርኩ 14 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት «የነዚህ ሰዎች ምግብ እኮ ጣዕም የለውም» እያልኩ ነው ያሳለፍኩት። ብቻዬን አልነበርኩም። እዚህ ሐበሻ ሲሰባሰብ ከብርዱ ቀጥሎ የሚታማው ምግባቸው ነው። ድንቹ ተቀቅሎ ይመጣል፣ ዓሣው ተቀቅሎ ይመጣል፣ ላዩ ላይ ነጭ ስጎ ይፈስበታል። ቅመም ስትላቸው ነጭ ቁንዶ በርበሬ ያሳዩሃል። ሌላስ? ዲል የሚሉት የእንስላል ዘመድ።

የተሳሳትኩት ጣዕሙን ድስቱ ውስጥ ስፈልግ ነው። ለካ በሩ ላይ ኖሯል።

ይሄ የገባኝ በሦስት ሴቶች ነው። በእናቴ፣ በሰባት ዓመቷ ልጄ እና በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ባሉ አንዲት የ91 ዓመት አዛውንት።

እናቴ አምና መስከረም ላይ መጣች። ቪዛዋ የ90 ቀን ነው። ሻንጣዋ ውስጥ ልብስ የነበረ አይመስለኝም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ መከለሻ፣ ድርቆሽ። ቅቤውን ብቻ «አውሮፓ አያስገባም፣ ኤርፖርት ላይ ይወስዱብሻል» ብዬ በስንት ልመና አስቀረኋት። እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም።

በሁለተኛው እሑድ ዶሮ ሠራች። ሽንኩርቱን ማቁላላት የጀመረችው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሽታው ሕንፃውን አዳርሶ ሊፍት ውስጥ ገባ። ማዕድ ቀረበ። እናቴ ከድስቱ ውስጥ ደህናውን እንቁላል መርጣ ልጄ ፊት አደረገችላት። ልጄ አመሰገነች። ተነሳች። ፍሪጁን ከፈተች። ሰማያዊውን ቱቦ ይዛ ተመለሰች። እንቁላሉን በቢላ ለሁለት ከፈለች፣ ላዩ ላይ ያለውን ወጥ በሶፍት ጠረግ ጠረግ አደረገች፣ ከዚያ ከቱቦው ቀጭን ሮዝ መስመር ጨመቀችበት። ከዳር እስከ ዳር፣ ሳይጣመም፣ እንደ አናጺ ተጠንቅቃ።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ልጄን አላየችም። እኔን ነው ያየችው።

«ጨው አነሰው እንዴ?» አለች።

ይቺ ጥያቄ ምን ያህል እንደምትከብድ ለእናንተ መንገር አይጠበቅብኝም። እኛ ቤት ሰው ምግብ ቀርቦለት እጁን ወደ ጨው ከሰደደ ሠሪዋ ላይ ፈርዷል። ወጥ ከምድጃ ሲወርድ ነገሩ አልቋል። ጨውም፣ በርበሬም፣ ቅቤም የተወሰኑት ድስቱ ላይ ነው፤ የወሰነችውም ባለሙያዋ ናት። የበላተኛው ሥራ መብላትና «እጅሽ ይባረክ» ማለት ነው። ሚጥሚጣና አዋዜ አለን፣ አውቃለሁ። ለጥሬ ሥጋ፣ ለጥብስ፣ ለክትፎ ይቀርባል። ግን ዶሮ ወጥ ላይ አዋዜ ጨምሮ የሚበላ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ካለም ሁለተኛ የሚጋበዝ አይመስለኝም።

ስዊድኖች ዘንድ ግን ምግቡ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። አብሳዩ ድንቹን ቀቅሎ፣ ሥጋውን ጠብሶ ያስቀምጥና ዙሪያውን ብርጭቆና ቱቦ ይደረድራል። የቀረውን እያንዳንዱ በየሳህኑ ይጨርሳል። አንዱ ካቻፕ ያፈስበታል። ሌላዋ ሰናፍጭ ከዳር ታደርጋለች። ልጁ ሁለቱንም ደባልቆ የሚያስጠላ ብርቱካናማ ነገር ይሠራል። ማንም አይከፋውም። አብሳዩም አይቀየምም፣ እንደውም ራሱ ቱቦውን ያቀብላል።

ይሄን ሁሉ ለእናቴ አስረዳሁ። ሰማችኝ። «ታዲያ ምን ብዬ ነው ሁለት ቀን ሽንኩርት ያቁላላሁት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የየሳህኑ ነገር ሲነሳ ሳልናገር የማላልፈው አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ስዊድን በማኅበራዊ ሚዲያ መሳቂያ ሆና ነበር። ጓደኛው ቤት ሊጫወት የሄደ ልጅ፣ ቤተሰቡ እራት ሲበላ እሱ መኝታ ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል የሚል ታሪክ ወጣና ዓለም ጉድ አለ። በዕድሜ ገፋ ያሉ የሥራ ባልደረቦቼን ጠየቅኳቸው። «አዎ፣ ልጅ ሆነን እንደዚህ ነበር» አሉኝ፣ ምንም ሳይመስላቸው። ምክንያታቸው የልጁ እናት ቤቷ እራት አብስላ ስለምትጠብቀው ዕቅዷን ላለማበላሸት ነው። ይሄን ምክንያት እኔ እስከ አሁን አልዋጥኩትም። የልጄ ጓደኞች ሲመጡ ወላጅ ጋ ደውዬ አስፈቅዳለሁ፣ ከዚያ አበላለሁ። አንዳንዴ አብልቼ እደውላለሁ።

ወደ ቱቦው ልመለስ። ስሙ ካሌስ ካቪያር ነው። ካቪያር ሲባል ሀብታም በትንሽ ማንኪያ የሚቀምሰው ጥቁር ነገር እንዳይመስላችሁ። የኮድ ዓሣ እንቁላል ነው፤ በጨው ተይዞ፣ በጭስ ታጥኖ፣ ከስኳርና ከዘይት ጋር ተመቶ ክሬም የሆነ። ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ቱቦው ላይ ያለው ልጅ በጊዜው የኩባንያው ኃላፊ የነበረው ሰውዬ ልጅ ነው። ልጁ አድጎ አርጅቷል፣ ቱቦው ላይ ግን ዛሬም ጉንጩ ቀይ ነው። የሚበላው ዳቦ ላይ ነው። ቅቤ፣ ከዚያ የተቀቀለ እንቁላል ተቆራርጦ፣ ከዚያ ያቺ ሮዝ መስመር።

መጀመሪያ የቀመስኩ ቀን ሮጬ አፌን ተጉመጠመጥኩ። ጨው፣ ስኳር፣ ጭስና ዓሣ በአንድ ጊዜ አፍ ውስጥ ሲገቡ አስቡት። አሁን እንቁላል ያለሱ ባዶ ይሆንብኛል። መቼ እንደለመድኩት አላውቅም። ልማድ ሲገባ ደወል አይደውልም።

አንድ ነገር ልጨምር። ስዊድኖች ቅመም ድስት ውስጥ አይጨምሩም ያልኩት ለወጡ ነው እንጂ ለጣፋጩ አይደለም። ሊጥ ላይ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ቀረፋውና ሄሉ ያለ ስስት ይነሰነሳል፤ ለገና ሰሞን ዳቦ ደግሞ ሳፍሮን ይገባል። እናቴን ዳቦ ቤት ይዣት ገብቼ አንድ የሄል ቡለ (ትንሽ ጣፋጭ ዳቦ ነው) አፍንጫዋ ጋ ስታስጠጋ «ውይ፣ ሄል!» ብላ ጮኸች። ሰው ዞሮ አየን። «ይሄን እያወቁ ለምን ሥጋው ላይ አያደርጉትም?» አለች። እኔም ያንን ነው የምጠይቀው።

ሥጋው ላይ የሚያደርጉት ሊንጎን ነው። ቀይ፣ ጥቃቅን፣ ኮምጠጥና መረር የሚል የጫካ ፍሬ። ሾትቡላር ሠራንላት፤ ትንንሽ የሥጋ ድብልብል ነው። የተፈጨ ሥጋ ስትገዙ ላዩን አንብቡ፣ ግማሹ አሳማ የሆነ ብዙ ነው። እኛ የበሬውን ብቻ ገዛን። የተፈጨ ድንች፣ ቡናማ ስጎ፣ ከጎኑ አንድ ማንኪያ ሊንጎን።

«ሥጋ በማርማላታ?»

«ቅመሺውማ፣ እማዬ።»

ሊንጎኑን በሹካ ገፋ አድርጋ ከሥጋው አራቀችው። ሥጋውን ለብቻው ቀመሰች። «ምንም አይልም» አለች። ከዚያ ማንም የማያያት መስሏት የሹካዋን ጫፍ ሊንጎኑ ላይ አስነካች። ሥጋ ደገመች። ዝም አለች። እናቴ ምግብ ላይ ዝም ስትል ደግ ምልክት ነው። ካልጣማት ትናገራለች።

በሳምንቱ ጫካ ወሰድኳት፣ ፍሬው ራሱ ጋ። ባልዲ ይዘን ገባን።

«የማን ጫካ ነው?» አለችኝ።

«የሆነ ሰው ይሆናላ።»

«ሲይዘንስ?»

አይዘንም። እዚህ አገር የመሬቱ ባለቤት ማንም ይሁን፣ ጫካ ገብቶ የዱር ፍሬና እንጉዳይ መልቀም ለሁሉም ሰው የተፈቀደ ነው። ሰው ጓሮ አትግባ፣ ማሳ አትርገጥ፣ ሌላው ክፍት ነው። አስረዳኋት። ገባኝ አለች። ሦስት ሰዓት ሙሉ ግን በለቀመች ቁጥር ዞር ብላ ኋላዋን ታይ ነበር። የዛፍ ቅርንጫፍ በተሰበረ ቁጥር ባልዲውን በነጠላዋ ትሸፍናለች።

ቤት ስንመለስ ፍሬውን አጠብንና ጥሬውን ከስኳር ጋር አማሰልነው። በቃ። አይፈላም፣ አይጣድም። እናቴ ይሻግታል ብላ ወሰነች። በየጠዋቱ ክዳኑን ከፍታ ታሸታለች። ሊንጎን ግን በተፈጥሮው ቤንዞይክ አሲድ አለበት፤ ፋብሪካዎች እንዳይበላሽ ብለው ከውጭ የሚጨምሩትን ነገር ፍሬው ራሱ ይዞ ነው የሚወለደው። ወር አለፈ። አልሻገተም። እናቴ ትንሽ ቅር ያላት መሰለኝ።

ስለ ካቻፕ ብዙ አልልም፣ ልጄ ትበቃለች። ማክሰኞ ማክሰኞ እራታችን ማካሮኒና ፋሉኮርቭ ነው፤ የስዊድን ልጅ ሁሉ እራት። ፋሉኮርቭ ወፍራም ቀይ ቋሊማ ነው። ስሙ የመጣው ፋሉን ከምትባለው የመዳብ ማዕድን ከተማ ነው። ድሮ ለማዕድኑ ገመድ የሚሠራው ከበሬ ቆዳ ነበር፤ ቆዳው ሲገፈፍ ሥጋው ተረፈ፣ ሥጋው ቋሊማ ሆነ። እኛ አሳማ የሌለበትን ዓይነት ፈልገን እንገዛለን። ላዩ ላይ ያለ ጥርጥር ካቻፕ ይፈስበታል። ብዙ ቤት የምታዩት የካቻፕ ጠርሙስ ፌሊክስ የሚል ነው። ሰዎች ስሙን ከድንች እኩል ስዊድናዊ አድርገው ያዩታል። ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1939 ደቡብ ስዊድን ኤስሎቭ ላይ ያቋቋመው ኸርበርት ፌሊክስ ግን ከናዚዎች የሸሸ ስደተኛ ነው። ቤተሰቡ ወዲያ ማዶ፣ የዛሬዋ ቼክ ውስጥ፣ ኪያር በኮምጣጤ እያሸገ ይሸጥ ነበር። ስደተኛው ሙያውን ይዞ መጣ፣ የአገሩን ሰው ፍሪጅ በር ሞላው። ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ካቻፑን በሌላ ዓይን ነው የማየው።

ካቻፕ ቋንቋቸው ውስጥም ገብቷል። «የካቻፕ ውጤት» የሚሉት አነጋገር አላቸው። ጠርሙሱን ትመታለህ፣ አይወጣም። ትመታለህ፣ አይወጣም። ከዚያ ሁሉም በአንዴ ይገለበጣል። ይሄን አባባል የሰማሁት የመኖሪያ ወረቀት በምጠብቅበት ጊዜ ነው። ሁለት ዓመት ምንም የለም። ከዚያ በአንድ ሳምንት ወረቀቱ፣ ሥራው፣ ቤቱ። የቋንቋ አስተማሪዬ ትከሻዬን መታ አድርጋ «የካቻፕ ውጤት» አለችኝ። በስዊድንኛ መጀመሪያ የገባኝ ቀልድ እሱ ነው።

ስለ ፒዛም አንድ ነገር ብቻ። እዚህ ብዙ ፒዛ ቤት ሜኑ ላይ «አፍሪካና» የሚባል ታገኛላችሁ። ሙዝ፣ ካሪና ኦቾሎኒ ያለበት ፒዛ ነው። የየትኛው አፍሪካ እንደሆነ ፒዛ ጋጋሪውን ጠይቄው ነበር። እሱም ከሶርያ ነው የመጣው። ሁለታችንም ሳቅን። አብሮ በነፃ የሚሰጠውን የጥቅል ጎመን ሰላጣ ግን አልተውም። በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ጎመን ከፒዛ ጋር፣ የኔ ሱስ ነው።

አሁን ወደ ሐሙስ።

የምሠራበት ቤት ሐሙስ ሐሙስ ምሳ የአተር ሾርባ ነው። ምሳ ስል በእኛ አቆጣጠር አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፤ እራታቸው ደግሞ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት። ቢጫ አተር እስኪፈርስ ከአሳማ ሥጋ ጋር ይቀቀላል፣ ጦስኝ ጣል ይደረግበታል፣ ከኋላው ፓንኬክ በማርማላታ ይመጣል። ሥጋ የሌለበትም ይሠራል፣ እኔ የምወስደው እሱን ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ብበላው ውሃ የበዛበት ክክ አልጫ ነው።

ለምን ሐሙስ? የሚነገረው እንዲህ ነው። ስዊድን ካቶሊክ በነበረችበት ዘመን ዓርብ ይጾም ነበር። ስለዚህ ሐሙስ ከበድ ያለ ነገር ይበላል። በ1500ዎቹ ሉተራን ሆኑ። ጾሙ ተረሳ፣ የጾሙ ዋዜማ ግን ቀረ። ወታደሩ ሐሙስ የአተር ሾርባ ይበላል፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሆስፒታሉም። ይሄን ሲነግሩኝ ለስዊድን ሰው ተረት ነው፣ ለኔ ግን የማውቀው ነገር ነው። ቅበላ ነዋ! በየሳምንቱ የሚደረግ ቅበላ፤ የሚቀበሉት ጾም ከጠፋ 500 ዓመት ሊሞላው ነው። በነገራችን ላይ ንጉሣቸው ኤሪክ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1577 እስር ላይ ሆኖ የሞተው በተመረዘ የአተር ሾርባ ነው ይባላል። በ1958 መቃብሩ ተከፍቶ ሲመረመር አርሴኒክ ተገኝቶበታል። ሾርባው ግን ስሙ አልጠፋም።

ከሾርባው ጋር የሚቀርበው ሰናፍጭ ነው። እነሱ ሴናፕ ይሉታል።

አዛውንቷ ያስተማሩኝ እዚህ ጋ ነው። («እሳቸው» የምለው በአማርኛ ስጽፍ ነው። በስዊድንኛ «ዱ» ነው የምላቸው፣ አንቺ። አገሩ አንቱታን በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው የጣለው። አፌ ለምዶታል፣ እጄ ግን እምቢ አለኝ።) ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ሾርባቸውን አቀረብኩላቸው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ላግዛቸው ብዬ አንድ ማንኪያ ሰናፍጭ ሾርባው መሐል ጨምሬ አማሰልኩላቸው። እንደ ደህና ልጅ። ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«አበላሸኸው» አሉኝ።

ምኑን ብዬ ነው። ሰናፍጭ ይወዳሉ፣ ሰናፍጭ ገባ።

«አሁን እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ነው» አሉ።

ከዚያ ሌላ ሳህን አስመጡና አሳዩኝ። ሰናፍጩ ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ይቀባል፣ ደረቁ ቦታ ላይ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል። ማንኪያው ሾርባ ይዞ ሲወጣ ጫፉን ጠርዙ ላይ አስነክቶ ያልፋል። አንዱ ጉርሻ ሰናፍጭ በዛ ይልበታል፣ ሁለተኛው ምንም የለበትም፣ ሦስተኛው ሽው ብሎ ያልፋል። ሳህኑ እስኪያልቅ ሁለት ጉርሻ አይመሳሰልም። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ እንኳን ጠርዙን አይስቱም።

ሦስት ዓመት ጣዕም የለውም እያልኩ ሳማ የነበረውን ምግብ ያን ቀን ነው በደንብ የቀመስኩት። እኛ ወጡን የምንሠራው እያንዳንዱ ጉርሻ እንደ መጀመሪያው እንዲሆን ነው። መጨረሻ ላይ ያለው እንጀራ፣ ወጡን የጠጣው፣ እንደውም ከሁሉም ይበልጣል። እሳቸው ደግሞ እያንዳንዱን ጉርሻ ለብቻው ይሠሩታል። የትኛው ይሻላል ብትሉኝ የእናቴ ልጅ ነኝ። ግን ምን እያደረጉ እንደሆነ ገብቶኛል።

አዛውንቷ የስኮነ ሰው ናቸው፣ የደቡብ ጫፍ። የዚያ አገር ሰናፍጭ ሻካራ ነው፣ ፍሬው ጥርስ ላይ ይሰማል፣ ጣፈጥም ይላል። ልጅ ሆነው ለገና የሚሠራው ቤት ውስጥ ነበር። አያታቸው ጥልቅ ሳህን ጭናቸው ላይ ያስቀምጡና የሰናፍጩን ፍሬ ይጨምሩበታል። ከዚያ የብረት ኳስ ይገባል። ያንን ከባድ ኳስ ሳህኑን በማወዛወዝ ብቻ ማዞር ነው፣ ፍሬው እስኪደቅ። «እውነተኛ የመድፍ ጥይት ነበር» ይላሉ አዛውንቷ። ስኮነ እስከ 1658 የዴንማርክ ነበረች፣ ጦርነት ብዙ ያየች አገር ናት፤ የመድፍ ጥይት ወጥ ቤት ቢገባ አይደንቅም። ልጆቹ ተራ በተራ ያዞራሉ። ዓይናቸው ያነባል። ድምፁን በአፋቸው ያሰሙኛል፤ ግርርር፣ ግርርር። እኔ ደግሞ ወፍጮ ነው የሚሰማኝ። የአያቴ ወፍጮ።

«እኛም ሰናፍጭ እንለዋለን» አልኳቸው። ቃሉን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ግእዙ ሰናፔ ይለዋል፣ የግሪኩ ሲናፒ ነው፣ የነሱ ሴናፕም ከዚያው ነው የመጣው።

«ወንጌል ላይ ያለው?» አሉኝ።

«እሱው። የሰናፍጭ ቅንጣት።»

ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ገባ። እናቴ ከሥጋና ከወተት ተለየች፣ ያኔ ሰማያዊው ቱቦ ጥያቄ ሆነ። ለካ በድብቅ ለምዳዋለች። «ዓሣው ይሁን እሺ፣ እንቁላሉስ?» አለችኝ። ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለው ክርክር ሳያልቅ የዓሣ እንቁላል ክርክር እኔ አልጀምርም፣ አልኳት። አዲስ አበባ የንስሐ አባቷ ጋ ደወለች። ቱቦው ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀ። መልሱ አጭር ነበር። «ልጄ፣ ከቱቦ የሚወጣ ነገር በጾም ምን ያደርግልሻል?»

ስለዚህ ሰናፍጭ ሠራች። ፍሬውን ከአገር ይዛ መጥታለች። ቡና መፍጫዬ ውስጥ ፈጨችው፣ መፍጫው ከዚያ ወዲህ ቡና ቡና አይሸትም። በቀዝቃዛ ውሃ በጠበጠችው። «በሙቅ ከበጠበጥከው ይሞታል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ደረቁ ፍሬ አያቃጥልም፤ ሲደቅና ውሃ ሲያገኝ ውስጡ ተለያይተው የነበሩ ሁለት ነገሮች ይገናኙና ያንን ወደ አፍንጫ የሚወጣ ነገር ይፈጥራሉ። ትኩስ ውሃ ሥራውን ያቆመዋል። እናቴ ኬሚስትሪ አልተማረችም። ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ዘይት ጨመረችበት፣ ከድና አሳደረችው። ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ዓይኔ ሞላ። በርበሬ የሚይዘው ምላስ ነው። ሰናፍጭ አፍንጫ ነው፣ ከዚያም አልፎ ግንባር።

የስኮነውን ሰናፍጭ ከሱቅ ገዝቼ አጠገቡ አስቀመጥኩላት። በጣቷ ጫፍ ቀመሰች።

«ምነው፣ በደህናው ሰናፍጭ ላይ ስኳር ገለበጡበት?»

ሐሙስ፣ የእናቴን በትንሽ ብርጭቆ ይዤ ሥራ ገባሁ። ተረኛዋን ነርስ አስፈቀድኩ። አየችው፣ አሸተተችው፣ ሳለች፣ «የማንኪያ ጫፍ ብቻ» አለች። አዛውንቷ ፊት ሾርባው ቀረበ። ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ቀባሁላቸው፣ ቦታዋን አሁን አውቃለሁ። ማንኪያቸውን አስነክተው ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከአንዱ ዓይን አንድ እንባ ወረደ። ነርሷ ከወንበሯ ተነሳች። እሳቸው እጃቸውን አንስተው አስቀመጧት። ደግመው ጎረሱ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ስኳር ረስታለች እንጂ።»

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ልጄ እራቷን እየበላች ነበር፣ ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም።

«ረስታለች? እኔ?»

ሌላ ምንም አላለችም። በሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት ስወጣ በር ላይ አስቆመችኝ። ትንሿን ብርጭቆ እንደገና ሞልታዋለች። ከጎኑ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አለ። ፈታሁት። ሁለት ኩብ ስኳር።

«ከፈለጉ እዚያው ራሳቸው ይጨምሩ በላቸው» አለችኝ።